ቦርሳው ስልክ ውስጥ ገባ፤ ሕጉስ የት ቀረ?

ብር እጅ ላይ ማየት ብርቅ እየሆነ መጥቷል። የታክሲው ረዳት "ዝርዝር ከሌለህ በስልክ ላክልኝ" ይላል። የጉሊቷ እናት ሽንኩርቷን በመደብ በመደብ አድርጋ፣ ከጎኑ የስልክ ቁጥሯን በካርቶን ላይ ጽፋ አቁማለች። ነዳጅ ማደያማ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ ክፈሉ ተብሎ ታዟል። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ እንደሚነግረን የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ከ50 ሚሊዮን አልፏል። እሰየው ነው! መቼም ብር በመቀነት ቋጥሮ ከመርካቶ እስከ ሞያሌ መጓዝ፣ ወይም ለአንድ ሐዋላ ግማሽ ቀን ባንክ ውስጥ መገተር ይናፍቀኛል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም አይናፍቀኝም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ገንዘባችን ከፍራሽ ሥርና ከባንክ ካዝና ወጥቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ፣ ሕጉ አብሮት ገብቷል ወይ? ወይስ እዚያው ባንኩ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ቆሞ ቀርቷል? ነገ ገንዘቤ ከስልኬ ቢጠፋ የማንን በር ነው የማንኳኳው? የባንኩን? የቴሌን? የብሔራዊ ባንክን? ወይስ የፖሊስ ጣቢያውን? ይህን ጥያቄ የጠየቅኋቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡኝ፤ "እግዜር ይወቀው" ነው ያሉኝ። እግዜር ሁሉን ያውቃል፤ ግን የገንዘብ ሕግ የሚወጣው እኛም እንድናውቀው አይደለም እንዴ?

ሕጉማ ሞልቷል

በየቡና ቤቱ "ነገሩ አዲስ ስለሆነ ሕግ የለውም" ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። በወረቀት በኩል የምንታማ አገር አይደለንም። ስለ ብድርና ስለ ወለድ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይናገራል። ስለ ክፍያ አዋጅ ቁጥር 718/2003 አለ። ስለ ሞባይልና ወኪል ባንክ አገልግሎት በ2005 ዓ.ም. መመሪያ ወጥቷል። ባንክ ያልሆነ ድርጅት የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ እንዲያወጣ የሚፈቅደው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. መጥቷል። የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከትም መመሪያ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዲሱ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017ም ተጨምሯል። ታዲያ ሕግ የለም እንዴት ይባላል?

ችግሩ ወዲህ ነው። እነዚህ ሁሉ ወረቀቶች የተጻፉት እያንዳንዳቸው አንድ የሚያውቁትን ፍጡር እያሰቡ ነው። የባንክ ሕግ ባንክን ያውቃል፤ ሕንጻ፣ ካዝና፣ የቼክ ደብተርና ማህተም ያለውን ባንክ። የብድር ሕግ አበዳሪና ተበዳሪን ያውቃል። የቴሌ ሕግ ስልክን ያውቃል። አዲሱ ምርት ግን ስልክም ነው፣ ክፍያም ነው፣ ቁጠባም ነው፣ ብድርም ነው። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ለሽያጭ ሲቀርብ አክሲዮኑ የተሸጠው በዚያው በቴሌብር ስለነበር፣ የአክሲዮን ገበያ መስኮትም ሆኗል ማለት ነው።

የሌሊት ወፍን ተረት ሁላችንም ሰምተናል። ወፎች ግብር አምጪ ሲሏት "ጥርሴን አታዩም? አይጥ ነኝ" ትላለች፤ አይጦች ሲመጡባት ደግሞ "ክንፌን አታዩም? ወፍ ነኝ" ትላለች። የዘመኑ የስልክ ገንዘብም እንዲሁ ነው። እንደ ባንክ ተጠየቅ ሲባል "እኔ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነኝ" ይላል። እንደ ቴክኖሎጂ ድርጅት ስለ ዳታችን ሲጠየቅ "እኔ በብሔራዊ ባንክ የምተዳደር ፋይናንስ ነኝ" ይላል። ግብሩን የሚከፍለው፣ ማለትም ኪሳራውን የሚሸከመው፣ በመጨረሻ ደንበኛው ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ክርክር አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሥራው አንድ ከሆነ ሕጉም አንድ ይሁን። ስሙ "ዋሌት" ይሁን "ሳንዱቅ" ይሁን "መላ"፣ ሕዝብ ገንዘብ ካስቀመጠበት የአስቀማጭ ጥበቃ ይኑረው፤ ካበደረ የአበዳሪ ግዴታ ይኑርበት። ስምን መላእክት ያወጡታል ይባላል፤ የገንዘብ ምርትን ስም ግን የሚያወጡት የሽያጭ ሠራተኞች ስለሆኑ ስሙን ትተን ሥራውን እንመልከት።

ስልኬ ውስጥ ያለው ብር የማን ነው?

ከመጀመሪያው እንነሳ። ወኪሉ ዘንድ ሄዳችሁ 1,000 ብር ሰጥታችሁ ስልካችሁ ላይ 1,000 የሚል ቁጥር ሲመጣ፣ ያ ቁጥር የባንክ ተቀማጭ አይደለም። "የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ" ነው። ድርጅቱ ለእያንዳንዷ ብር ትክክለኛ ምትክ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ባንክ እንዲያስቀምጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ይህ መልካም ነው፤ ያወጣውንም አመሰግናለሁ። ሂሳቡም እንደ ደንበኛው መታወቂያ በደረጃ ተከፋፍሎ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ይህም መልካም።

ቀጥሎ ግን ጥያቄ ይመጣል። በደንብ ቁጥር 482/2013 የአስቀማጮች መድን ፈንድ ተቋቁሟል። አንድ ባንክ ቢወድቅ ፈንዱ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። የፈንዱ አባላት ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ናቸው። እኔ በስልኬ ያለኝ ገንዘብ ግን ባንክ የሚተኛው ከሚሊዮኖች ገንዘብ ጋር ተደባልቆ በአንድ ቋት ውስጥ ነው። ቋቱ የተቀመጠበት ባንክ ቢናጋ መድኑ የሚያየው አንድ አስቀማጭ ነው ወይስ ሚሊዮኖችን? ለእያንዳንዳችን ነው 100,000 ወይስ ለሁላችን በአንድ ላይ? ሁለተኛው ከሆነ ለነፍስ ወከፍ የሚደርሰን ሳንቲም አንድ ሸክላ ጠላ አይገዛም!

"ሟርተኛ" እንዳትሉኝ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሲናፕስ የሚባል ድርጅት ከሰረ። ሲናፕስ ባንክ አልነበረም። በስልክ መተግበሪያዎችና በባንኮች መካከል ቆሞ የማን ገንዘብ ስንት እንደሆነ መዝገብ የሚይዝ ደላላ ነበር። ሰዎቹ ገንዘባቸውን ያስገቡት መተግበሪያው "በመንግሥት መድን የተጠበቀ ባንክ ውስጥ ነው የሚቀመጠው" ብሏቸው ነው። ድርጅቱ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ደንበኞች ገንዘባቸውን ማውጣት ተሳናቸው። የመዝገቡ ቁጥርና ባንኮቹ ውስጥ የተገኘው ገንዘብ አልገጥም አለ፤ ጉድለቱ ከ65 እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተባለ። የመንግሥት መድኑስ? "የወደቀ ባንክ የለም፤ የወደቀው ደላላው ነው፤ እኔን አይመለከተኝም" አለ። በሕጉ ልክ ነው! ሕጉ የተጻፈው ለባንክ ውድቀት እንጂ ለደላላ ውድቀት አልነበረምና። አሜሪካ እንዲህ ከሆነች እኛ ጥያቄውን አስቀድመን ብንጠይቅ ነውር አለው?

በሬ ሆይ! ብድሩን አየህ ወይ?

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ብድርና ቁጠባ ጀመረ። "መላ" ብድሩ፣ "ሳንዱቅ" ቁጠባው፣ "እንደኪሴ" ደግሞ ሂሳብ ሲጎድል የሚሞላው። ሕጉ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚፈቅደው ከጀርባው ፈቃድ ያለው የገንዘብ ተቋም ሲኖር ነው። ስለዚህ በወረቀቱ አበዳሪው ባንኩ ነው፤ ስልኩ መስኮት ነው። መያዣ አይጠየቅም፣ ዋስ አይጠየቅም፣ የስልክ አጠቃቀማችሁና የገንዘብ እንቅስቃሴያችሁ ተመዝኖ በደቂቃ ውስጥ ገንዘቡ ይገባል። ለዕለት ጉርስ ለሚሯሯጥ ቸርቻሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ያድናል፤ አልክድም።

ግን እስቲ ስሌት እንሥራ። ይህ የየትኛውንም ድርጅት ታሪፍ መጥቀሴ አይደለም፤ ምሳሌ ነው። አንድ የስልክ አበዳሪ 1,000 ብር ለአንድ ወር አበድሮ 50 ብር "የአገልግሎት ክፍያ" ቢወስድ ተበዳሪው "ሃምሳ ብር ምን አላት?" ይላል። በየወሩ እያደሰ ዓመቱን ሙሉ ቢበደር ግን የከፈለው 600 ብር ነው፤ 60 በመቶ! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2479 ሁለት ሰዎች በውል የሚስማሙበት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም ይላል። እኔ ለጎረቤቴ በ60 በመቶ ባበድር አራጣ አበዳሪ ተብዬ እከሰሳለሁ። ባንክ ግን በብሔራዊ ባንክ ሥር ስለሚተዳደር የወለዱን ልክ ራሱ ይወስናል። ታዲያ "የአገልግሎት ክፍያ" ወለድ ነው ወይስ አይደለም? ወለድ ካልሆነ ምንድን ነው? ወለድ ከሆነ ደግሞ ለምን በዓመት ስንት በመቶ እንደሆነ አይጻፍልንም? ሳሩን በትልቁ ጽፈው ገደሉን በትንሹ ቢጽፉት በሬው ምን ያድርግ?

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ መንገድ ቀድማን ሄዳ እሾሁን ረግጣለች። ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2007 ሲጀመር የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሕግ እስኪወጣ ቁሙ አላለም። አይቶ፣ መርምሮ፣ "ተቃውሞ የለኝም" የሚል ደብዳቤ ሰጠ። ባንኮቹ ሲጮኹ የገንዘብ ሚኒስትሩ በ2008 መጨረሻ ምርመራ አዘዙ፤ አገልግሎቱ ግን አልተዘጋም። የክፍያ ሥርዓት ሕጉ በ2011፣ ዝርዝር ደንቡ በ2014 መጣ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ብድሩ ላይ ግን ተኙ። በስልክ የሚያበድሩ መተግበሪያዎች እንደ አሸን ፈሉ። ባንክ ስላልሆኑ የባንክ ሕግ አይነካቸውም፤ ተቀማጭ ስለማይሰበስቡ የማይክሮ ፋይናንስ ሕግ አይነካቸውም። የሌሊት ወፍ ማለት ይህ ነው። ተበዳሪው ሲዘገይ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ስሞች አውጥተው ለአማቱ፣ ለአለቃው፣ ለንስሐ አባቱ ሳይቀር እየደወሉ "ይህ ሰው ዕዳ አለበት" ማለት ጀመሩ። ሕጉ የተሻሻለው በ2021 መጨረሻ፣ ደንቡ የወጣው በ2022 ነው። ደንቡ እንዲህ ያለውን ማዋረድ ከለከለ፤ ፈቃድ የሌለው እንዳያበድርም አደረገ። በመስከረም 2022 ፈቃድ ካመለከቱት 288 አበዳሪዎች መጀመሪያ ያለፉት 10 ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ስንት ሰው ተዋረደ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

እኛ የዳታ ጥበቃ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. አውጥተናል። መልካም። ብድሬን ለመመዘን የስልክ ታሪኬ ሲታይ ፈቃዴን በትክክል ሰጥቻለሁ ወይስ "እስማማለሁ" የምትለዋን ቁልፍ ስለነካሁ ብቻ ነው? ያላነበብኩት ሠላሳ ገጽ ውል፣ ያውም በእንግሊዝኛ የሆነ፣ ውል ይባላል?

እቁቡም ስልክ ውስጥ ገባ

አሁን ደግሞ እቁብ በመተግበሪያ መጥቷል። እቁብን ማንም አላስተማረንም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው፣ ዕጣ አለው። መንግሥት ሳይቆጣጠረው የመርካቶን ነጋዴ ያቆመ፣ ስንቱን ቤት ያሠራ ተቋም ነው። ለምን ሠራ ቢባል ሁሉም ሁሉንም ስለሚያውቅ ነው። ዕጣ ወጥቶለት የሚጠፋ ሰው ዋሱን ይዞ ይጠፋል፤ ዋሱ ደግሞ ቤቱ ይታወቃል።

በስልኩ እቁብ ግን አባላቱ አይተዋወቁም። ዳኛው ኩባንያ ነው። ገንዘቡ ከዕጣ እስከ ዕጣ የሚያድረው በኩባንያው ሂሳብ ነው። ታዲያ ይህ እቁብ ነው ወይስ ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብ? የባንክ አዋጃችን ያለ ፈቃድ ከሕዝብ ተቀማጭ መሰብሰብን ይከለክላል። በሥራው ከለካነው ሁለት ነገር ነው። መተግበሪያው ደብተር ብቻ ከሆነ፣ ገንዘቡም ከአባል ወደ አባል በቀጥታ የሚሄድ ከሆነ፣ ያው እቁብ ነው፤ አትንኩት! ገንዘቡ ግን ኩባንያው እጅ የሚያድር ከሆነ ኩባንያው ገንዘብ አስቀማጭ ሆኗልና ፈቃድና ቁጥጥር ይመለከተዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል ነው። ይህን አንድ ገጽ ጽፎ ማውጣት ምን ይከብዳል? ዝም ሲባል የሚሆነው ሁለት ነው፤ ወይ ጨዋው ልጅ ፈርቶ ሥራውን ይተዋል፤ ወይ አጭበርባሪው ዝምታውን ተጠቅሞ የሕዝብ ገንዘብ ይዞ ይሰወራል።

ስለ ቢትኮይንማ ባልናገር ይሻላል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. "በአገራችን የሚሠራው ገንዘብ ብር ብቻ ነው፤ በዚያ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው" አለን። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቢትኮይን ለሚያመርቱ የውጭ ኩባንያዎች በዶላር ኤሌክትሪክ ሲሸጥ ቆይቷል። ማምረቱ ይቻላል፣ መያዙ አይቻልም! ለዜጋው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።

ዳኛውም ተጫዋቹም የአንድ ቤት ልጆች

አሁን ወደ ዋናው ቁስል እንምጣ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ የስልክ ገንዘብን ለባንኮችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ብቻ ነበር የፈቀደው። ኤምብርንና ሄሎካሽን የመሳሰሉ ሥራዎችን የፈጠሩት የቴክኖሎጂ ሰዎች በራሳቸው ስም መሥራት ስላልተፈቀደላቸው ከባንክና ከማይክሮ ፋይናንስ ጀርባ ቆመው ነበር የሚሠሩት። ዓመታት ተቆጠሩ። በሩ የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. መመሪያ ነው፤ በዚያ በር ገብቶ ገበያውን የያዘውም የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

በዚያው በግንቦት ወር ሳፋሪኮም የመራው የኩባንያዎች ኅብረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አገኘ። ጨረታው ሲወጣ ግን የውጭ ኩባንያ የስልክ ገንዘብ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሳው በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1282 ነው። ሳፋሪኮም ለዚያ ፈቃድ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ኤምፔሳን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀመረ። ቁጠሩት፤ ቴሌብር ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ተቀናቃኝ ሳይኖርበት ሮጧል። ውድድሩ ሲጀመር አንዱ ሯጭ መጨረሻው ጋ ደርሶ ላብ እየጠረገ ነበር።

የውጭ ኩባንያ ጠበቃ አይደለሁም። የኬንያም ሆነ የእንግሊዝ ባለ አክሲዮን ቢከብር ቢደኸይ ለእኔ ምኔም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሕግ አውጪው መንግሥት፣ ተቆጣጣሪው የመንግሥት ባንክ፣ ትልቁ ተጫዋች የመንግሥት ኩባንያ፣ ትልቁ ባንክ የመንግሥት ባንክ ሲሆን፣ ደንበኛው አቤት የሚለው ለማን ነው? የጦጣ ክስ ለዝንጀሮ ዳኛ ሲቀርብ ፍርዱ አስቀድሞ ይታወቃል። ተቆጣጣሪው ጥርስ እንዳለው የሚታወቀው የግሉን ሲነክስ ሳይሆን የራሱን ቤት ሰው ሲቀጣ ነው። እስቲ የመንግሥት የገንዘብ ተቋም በደንበኛ አቤቱታ ተቀጥቶ፣ ቅጣቱም በይፋ ተነግሮን ያውቃል?

የመጋቢት 6 ሌሊት ትምህርት

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አይረሳውም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተናግቶ ሰዎች ሂሳባቸው ላይ ከሌለው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ የወጣውን ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አድርሶታል። ከዚያስ? በቀናት ውስጥ ማን ስንት እንደወሰደ ታወቀ። ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ በይፋ ተለጠፈ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። የራሱ ያልሆነ ገንዘብ የወሰደ ሰው ይመልስ፤ ሌብነትን ማንም አይከራከርለትም።

ግን ልብ በሉ! የባንክ ገንዘብ ሲጠፋ ዱካው በቀናት ይገኛል። የደንበኛ ገንዘብ ሲጠፋስ? መርካቶ ውስጥ የማውቀው አንድ ባለ ሱቅ ከስልኩ ሳይነካው ገንዘብ ወጥቶበት ሦስት ወር ተመላለሰ። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ወደ ፖሊስ ላከው፤ ፖሊስ የድርጅቱን ማስረጃ አምጣ አለው፤ ድርጅቱ ማስረጃ የምንሰጠው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው አለው። ሰውየው በመጨረሻ "የጠፋብኝን ተውት፤ ለታክሲ ያወጣሁትን መልሱልኝ" ነው ያለው። ያው ቴክኖሎጂ፣ ያው መዝገብ፣ ያው አገር! ልዩነቱ የጠፋው የማን ገንዘብ ነው የሚለው ብቻ ነው።

ሕግ እዚህ ላይ ምን ማለት እንዳለበት ለማወቅ ዓለምን እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ ሕግ አወጡ። ያኔ የሚያስቡት ግድግዳ ላይ የተተከለችውን የገንዘብ ማሽን ነበር፤ የኪስ ስልክ ገና አልተወለደም። ሕጉ የሚለው ሳይፈቅድ ገንዘብ የወጣበት ሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቀ የሚሸከመው ቢበዛ 50 ዶላር ነው፤ ስህተቱንም ተቋሙ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምሮ መልስ ይስጥ ነው። ዛሬ ያ አዛውንት ሕግ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ውስጥ እቁብ የሚጥሉበትን መተግበሪያ ሳይቀር ይገዛል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የካሽ አፕ ባለቤት ብሎክ የደንበኞችን የማጭበርበር አቤቱታ በአግባቡ አልመረመረም ተብሎ እስከ 120 ሚሊዮን ዶላር ለደንበኞች እንዲመልስ፣ 55 ሚሊዮን ዶላርም እንዲቀጣ ታዘዘ። እንግሊዞችም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ተታሎ ገንዘብ የላከ ሰው እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመለስለት፣ ወጪውንም ላኪውና ተቀባዩ ተቋም እኩል እንዲካፈሉት አድርገዋል። አሮጌ ሕግ ለአዲስ ነገር አይሠራም የሚሉ ይህን ይዩ። የ1978ቱ ሕግ የሠራው ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ሰውየው ስለተጻፈ ነው።

የእኛ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ነው። "ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩን" እያለ የሚደውል ወሮበላ ሲዘርፈን "የምስጢር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ ብለናል" ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ማስታወቂያ መለጠፍ ኃላፊነት መወጣት ሆነ! ኪሳራው ተቋሙን ቢነካው ኖሮ በሳምንት ውስጥ መላ ያገኝለት ነበር።

"ጀማሪ ነን፤ አታስደንብሩን" ለሚሉ

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ በተለይ ኮምፒዩተር የተማሩት ወጣቶች፣ "ጋሼ፣ ሕግ ካበዛችሁብን ሥራው በጨቅላነቱ ይሞታል" ይሉኛል። እውነት አላቸው። የ2005ቱ መመሪያ ስንቱን ሐሳብ እንዳመከነ ከላይ ተናግሬያለሁ። እኔ የምጠይቀው ግን ብዙ ሕግ አይደለም። ግልጽ ሕግ ነው። ፈጠራን የሚገድለው ሕጉ ምን እንደሚል አለማወቅ ነው። ዛሬ ተፈቅዶ ነገ የሚታሸግ ከሆነ ማን ገንዘቡን ያፈሳል? መሐንዲስ ቀጥሮ ሁለት ዓመት የደከመ ወጣት አንድ ደብዳቤ ደርሶት ከሚዘጋ፣ ከመጀመሪያው መስመሩን አይቶ ቢገባ አይሻለውም?

ደግሞም አዲስ ምርትን በትንሽ ማሳ፣ በጥቂት ደንበኛ፣ ለተወሰነ ጊዜ እየተቆጣጠሩ መሞከር የትም አገር የተለመደ ነው። ገበሬ አዲስ ዘር ሲመጣለት መሬቱን ሁሉ አይዘራበትም፤ አንድ ጥግ ላይ ሞክሮ ያያል። ይህን ከገበሬያችን መማር ይቻላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሐሜት ብቻ እንዳይሆንብኝ የምጠይቀውን ልናገር። አንደኛ፣ ብሔራዊ ባንክ መመሪያዎቹን ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ ያውጣ። እስከ ዛሬ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፉት። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት፣ ከወጣም በኋላ ይፋ እንዲሆን ያዛል። የጉሊቷ እናት ልታነበው የማትችለው ነገር ለእርሷ ይፋ አልሆነም።

ሁለተኛ፣ ስልክ ውስጥ ያለው ገንዘብ በመድኑ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍና ብሩን ስናስገባ ማያው ላይ ይታየን። "አይሸፈንም" ከሆነም ይሁን፤ አውቀን እንግባበት። ሦስተኛ፣ ማንኛውም የስልክ ብድር ክፍያው ምንም ስም ይሰጠው፣ በዓመት ስንት በመቶ እንደሆነ በትልቁ ይጻፍ። አራተኛ፣ ሳይፈቀድ ለወጣ ገንዘብ የማስረዳቱ ሸክም በተቋሙ ላይ ይሁን፤ መዝገቡ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ለመልሱም የቀን ገደብ ይቀመጥለት።

አምስተኛውና ዋናው፣ አቤቱታ የሚሰማ አንድ በር ይከፈት። ከባንኩም፣ ከቴሌውም፣ ከሚኒስትሮቹም ስልክ የማይታዘዝ ይሁን። የመንግሥቱን ኩባንያና የግሉን ኩባንያ በአንድ ሚዛን ይመዝን። የፈረደውንም በየሩብ ዓመቱ ያሳትም፤ ስንት አቤቱታ መጣ፣ በማን ላይ መጣ፣ ስንቱ ተመለሰ። ቁጥሩን ጋዜጣ ላይ እናንብበው።

ከውጭ የሚመጡትን ባንኮች እየጠበቅን ነው። አዋጁ ወጥቷል፣ በሩ ተከፍቷል። እነሱ ጠበቃ ይዘው፣ ውላቸውን በሃያ ዓይን አንብበው ነው የሚገቡት። የእኛ ሰው ግን ጠበቃው ሕጉ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ድግስ ሲደግሱና የደንበኛውን ቁጥር በሚሊዮን ሲቆጥሩልን፣ እኛም አንድ ቁጥር እንጠይቃቸው። ባለፈው ዓመት ገንዘቡ ከስልኩ ጠፍቶበት የተመለሰለት ሰው ስንት ነው?

ቸር ወሬ ያሰማን።